የኋላ እግሩ ኳኳታ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከወፍጮ ቤት ጎን ገራዥ የከፈተ ሞኝ ካለ እኔ ነኝ። ቦታውን ስከራይ ወፍጮው ተበላሽቶ ዝም ብሎ ነበር። ተጠግኖ ሥራ ሲጀምር ጉዴ ፈላ! ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ ይውላል። እንኳን የመኪና ድምፅ ለይቼ ልሰማ፣ ደንበኛ ሲሰድበኝም አልሰማም። መካኒክ ደግሞ ያለ ጆሮ ምን ይሠራል? በመጨረሻ አንድ ዘዴ ለመድኩ። የክንዴን ርዝመት የሚያህል ቀጭን ብረት አለኝ። አንዱን ጫፍ የጠረጠርኩት ቦታ ላይ አስደግፋለሁ፣ ሌላውን ጠረግ አድርጌ በጥርሴ እነክሳለሁ። ድምፁ በአጥንት በኩል ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባል፤ ወፍጮው እንደፈለገው ያጓራ። ሾፌሮቹ "ዛሬም ብረት ይግጣል" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን ገዶኝ!

ባለፈው የሽንኩርት ወቅት አንድ የጭነት መኪና መጣ። የሚነዱት ከአሊዩ አምባ በኩል የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። የመኪናው ባለቤት የእህታቸው ልጅ ነው። አባቱ ሲሞትበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ እሱም መኪናውን ሲገዛ መሪውን ለባዕድ አልሰጥም ብሎ ለሳቸው ሰጠ። የዚያን ቀን ግን ተኮራርፈው ነው የወረዱት።

"አጎቴ መኪናዬን ጨረሱት" አለኝ ልጁ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። "ሲነሱ ኳ! ፍሬን ሲይዙ ኳ! ካራቆሬ ማደያ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። የፍሪሲዮኑን ፔዳል በድንገት እየለቀቁ የኋላውን ዲፍረንሻል ጥርስ በልተውታል። ስነግራቸው ጆሮ ዳባ ልበስ!"

"ወላሂ ድምፅ የለውም" አሉ ሽማግሌው።

"ይኸው፣ በሐሰት ይምላሉ! ዲፍረንሻሉ ተበልቶ ከተገኘ ከዛሬ ወዲያ መሪ አይነኩም። ሌላ ሾፌር አግኝቻለሁ።"

ደሜ ፈላ። "አንተ! ያሳደጉህን ሰው ነው እንዲህ የምትለው? መጀመሪያ ልየው እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት። ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉና እኔን ብቻ አዩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ ላይ የኖሩ ሰው፣ ባሳደጉት ልጅ እጅ ሊወርዱ! አንጀቴን በሉት።

ልጁን እዚያው ትቼ መኪናውን ልሞክር ከሳቸው ጋር ከተማው ዳር እስካለው የወንዝ ድልድይ ወጣሁ። ፍሪሲዮኑን የሚለቁት ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ ብለው ነው። እንደዚያም ሆኖ መኪናው ሲነሳ ከኋላ ኳ! አለ። ዞር ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ ምንም የለም። ድልድዩ ጋ ፍሬን ያዙ፣ ኳ! ወንበሬ ሥር ድረስ ተሰማኝ።

"አየህ? ምንም የለም እኮ" አሉኝ።

የሚቀልዱ መሰለኝ፤ ግን ዓይናቸው ላይ ቀልድ አልነበረም። ወይ ጉድ! ሰውየው እውነታቸውን ነው። እኔ ዘንድ በወፍጮው ምክንያት ሁሉም ሰው እየጮኸ ስለሚያወራ፣ ጆሯቸው እንደደከመ እስከዚያች ሰዓት አልጠረጠርኩም።

ደግነቱ ድምፁ ራሱ አንድ ነገር ነግሮኛል። መኪናው እኩል ሲሄድ ጸጥ ይላል። የዲፍረንሻል ጥርስ ተበልቶ ቢሆን መንገዱን ሙሉ ያለቅስ ነበር። እንደተመለስን ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ ልጁን ጋቢና አስገብቼ "እግርህን ከፍሬኑ ሳታነሳ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ ነካ አድርገው" አልኩትና ብረቴን ይዤ ከሥር ገባሁ። ዲፍረንሻሉ ላይ አስደገፍኩት፤ ሰላም ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራ የኋላ ጎማዎቹ አክስል ላይ የሚታሰርበት ቦታ ስደርስ ግን ጥርሴ እስኪነቃነቅ ኳ! አለ።

ባሌስትራው አዲስ ብረት ተደርቦበታል። ይሄ የኛ አገር በሽታ ነው። ሽንኩርት ሲደርስ ሁሉም ባሌስትራ ያስደርባል፣ ጥቂት ጆንያ ለመጨመር። ድርቡ ሲወፍር ማሰሪያው ቡሎንም መርዘም ነበረበት፤ ያሰሩት ግን በዚያው በአሮጌው ነው። አጥሮበት ላላ፣ የመሐሉም ቡሎን ተበጠሰ። ስለዚህ መኪናው ሲነሳና ሲቆም አክስሉ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። የጣርማበርን ቁልቁለት በዚህ ሁኔታ ሲወርዱ ኖሯል!

"ይሄን ማን ነው ያስደረበው?" ብዬ ከሥር ጮህኩ።

"እኔ ነኝ" አለ ልጁ ከጋቢናው። "አጎቴማ እምቢ ብለው ነበር።"

"እንግዲያው እሳቸው ያጠፉት ነገር የለም። መኪናህን የጎዳኸው አንተው ነህ!"

ደስ ይላቸዋል ብዬ ወጣሁ። ሽማግሌው ግን ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብለው ይጠብቁኛል። "ድምፁ ግን አለ?" አሉኝ።

"አለ ጋሼ።"

"እስቲ ልስማው።"

ብረቱን ሰጠኋቸው። ጫፉን ራሴ ያዝኩላቸው፣ እሳቸው ነከሱት፣ ልጁም እንደገና ነካ አደረገው። ያ ሁሉ ኳኳታ በአንድ ጊዜ ጭንቅላታቸው ውስጥ ገባ።

"ያ አላህ!" ብለው ብረቱን ለቀቁት። "ይሄን ያህል ነው?"

"ይሄን ያህል ነው።"

"አንተ ያለ ብረትም ትሰማዋለህ?"

ብዋሽ ደስ ባለኝ። "እሰማዋለሁ" አልኳቸው። ጠጋ ብዬ ደግሞ "በአጥንት ከሰሙ ጆሮዎ መድኃኒት አያጣም፣ ደብረ ብርሃን ሄደው ይታዩ። ለልጁ ከእኔ አፍ አይወጣም" አልኩ። ከንፈሬን ትክ ብለው እያዩ አስጨረሱኝና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ድርቡን አውጥቼ፣ አዲስ ቡሎን አስገብቼ፣ አጥብቄ ጨረስኩ። ልጁ ቁልፉን በሁለት እጁ አቀረበላቸው። "አጎቴ፣ አፉ ይበሉኝ። መሪው የአንቱ ነው" አለ፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ። ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ቁልፉን ተቀበሉ። እኔም እፎይ አልኩ። አንድ እግራቸውን መርገጫው ላይ አድርገው በመስታወቱ ወደኋላ አዩ። ትምህርት ቤት ተለቆ፣ ልጆች እየተሯሯጡ በመኪናው ጀርባ ያልፋሉ። እግራቸውን መለሱና ወረዱ።

"አንተ አውጣው" ብለው ቁልፉን ለልጁ ሰጡት።

"አጎቴ! አፉ አላሉኝም?"

"ብዬሃለሁ፣ ልጄ። እነዚህ ቢጮሁ አልሰማቸውም" አሉት። ከዚያ ወደ መኪናው ኋላ ሄደው፣ ልጆቹን በክንዳቸው አግደው "ና! ና!" ይሉት ጀመር።