የመጽሐፍ መያዣ የሆነው መታወቂያ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ከተጂ ወደ ቡራዩ ከመጣሁ ወዲህ የጻፍኩት የመጽሐፍ ርዕስ፣ የተከራይ ስምና ቀን ብቻ ነው። መጽሐፍ በማከራየት ግን ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ሥራ አሁን ለሚጀምሩ ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያ ቀን ጋሽ ከማል፣ የሱቁ ባለቤት፣ የሰጡኝ መጽሐፍ ሳይሆን ወስፌ ነው። ከፊት ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣሉ፤ ከኋላ ያለው መደርደሪያ የኪራይ መጽሐፍ ነው።

«አዲስ መጽሐፍ ወዲያው አይከራይም» አሉኝ። «አሥር ሰው ሳያነበው ይበተናል። መጀመሪያ ይሰፋል።»

በጀርባው በኩል በወስፌ ሦስት ቦታ በስተን በሲባጎ ሰፋነው። ካርቶን በኮላ ለጠፍን፤ ላዩን ፕላስቲክ አለበስነው። መጨረሻ ላይ ከደብተር የተቀደደ አራት ባዶ ወረቀት ለጠፉበት። ለምን እንደሆነ መጠየቅ ፈራሁ።

«ይሄ ለአንባቢ አስተያየት ነው» አሉ። «ቡራዩ ውስጥ ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው የለም። እዚህ ካልጻፈ ጽሑፉ ላይ ይጽፍብሻል።»

ቀጥለው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አሳዩኝ። ውስጡ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው። «መታወቂያ ሳትይዢ መጽሐፍ አትስጪ። አባቴም ቢመጣ።»

«አባትዎ አሉ?»

«የሉም። ቢመጣም ነው ያልኩሽ።»

ዓይናፋር ነኝ። መታወቂያ ተቀብዬ መጽሐፍ ስሰጥ ቀና አልልም። አንድ ቀን አንዱ ተከራይ «ይቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ?» ሲል ጋሽ ከማል «ቃሏም በኪራይ ነው። መያዣ ካላመጣህ አትናገርም» አሉት። ከዚያ በኋላ ዲዳዋ የሚል ስም ወጣልኝ።

እኔ ሰዎቹን የማውቃቸው በእጅ ጽሑፋቸው ነው። መጽሐፍ ሲመለስ ገጹ መሙላቱን ማየት ሥራዬ ስለሆነ አስተያየቱን ሁሉ አነባለሁ። ማንም ስሙን አይጽፍም፤ እኔ ግን ጽሑፉን የማልለየው ሰው አልነበረም።

በዚያ ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚከራየው አንድ የወታደር የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ጠረፍ ላይ ያለ መቶ አለቃ የጦር ሰፈሩን ነርስ ይወዳል፤ ሰፈሩ ውስጥ ምስጢር የሚያወጣ ሰው አለ፤ ነርሷ ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን አትናገርም። ሁሉም «የመቶ አለቃውን ስጪኝ» ነው የሚለው። ሦስት ጊዜ መልሼ ሰፍቼዋለሁ።

ጡረታ የወጡት ወታደር ኦቦ ደቻሳ እንዲህ ብለው ጽፈውበታል፦ «ገጽ ዘጠና ላይ ጥይቱን ቆጥሬዋለሁ። አንድ የጥይት ካርታ ሠላሳ ይይዛል። መቶ አለቃው ሳይቀይር አርባ ሁለት ተኩሷል። ደራሲው ይታረም።»

ልብስ ሰፊዋ አልማዝ፦ «ነርሷ ልብ የላትም። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን እነግረው ነበር።» ከሥሩ በሌላ እጅ፦ «አንቺማ ከመጠየቅሽም በፊት ትነግሪያለሽ።»

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ወሬና ተቃውሞ በየቤቱ በገባበት ዓመት አስተያየቱም ተለወጠ። የመሰናዶ ተማሪው ገመቹ እንዲህ ጻፈ፦ «ወታደር እንዲህ አያፈቅርም። የእኛን በር ሰብሮ ወንድሜን ሲወስድ ዓይኑን አይቼዋለሁ።» ከሁለት ሳምንት በኋላ አልማዝ ከሥሩ ጻፈች፦ «ለወንድምህ አዝናለሁ። የእኔም ወንድም ወታደር ነው። የት እንዳለ አናውቅም። እሱ ያፈቅራል።» ገመቹ ሱቅ መጥቶ ይህን ሲያይ መጽሐፉን እንደገና ተከራየ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ገመቹ መጽሐፉን ሳይዝ መጣ።

«አያንቱ፣ መታወቂያዬን ስጪኝ። ነገር እየከፋ ነው። መጽሐፉን ነገ አመጣለሁ።»

ጋሽ ከማል ዕቃ ሊገዙ መርካቶ ሄደዋል። ቁልፉም ሕጉም እኔ ጋ ነው። ቀና ሳልል «መጽሐፉን አምጣ» አልኩት። «እሺ፣ ነገ» ብሎ ሄደ።

በማግስቱ መንገድ ተዘጋ። ጎማ ተቃጠለ፤ ታክሲ የለም፤ ሱቅ ሁሉ ተዘጋ። ጋሽ ከማል አዲስ አበባ ቀሩ። ወታደሮች ቤት ለቤት መታወቂያ እየጠየቁ ነው ተባለ። የሱቁን በር ከውስጥ ዘግቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩና ቆጠርኩ። አሥራ አንድ መታወቂያ። ለልብ ወለድ ብዬ አሥራ አንድ ሰው ያለ መታወቂያ አስቀምጫለሁ።

እረፋድ ላይ የገመቹ እናት አዴ ወርቂቱ የሱቁን በር ደበደቡ። መጽሐፉን በነጠላቸው ስር ይዘውታል።

«ኢንተለ ኮ፣ አንቺ ልጄ፣ ገመቹን ወሰዱት። መታወቂያ አምጣ ሲሉት የለኝም አለ። ይኸው መጽሐፍሽ። መታወቂያውን ስጪኝ።»

መታወቂያዎቹን በሙሉ በመሀረብ ቋጥሬ፣ ሱቁን ዘግቼ አብሬያቸው ሄድኩ።

የያዟቸውን ልጆች ያጎሩት አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። አዴ ወርቂቱ በር ላይ ላለው ወታደር በኦሮምኛ ጀመሩ፤ አልገባውም። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ተናገሪ።»

«መታወቂያ አለው» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ደገምኩት። «መታወቂያ አለው። እኔ ጋ ነው የነበረው። መጽሐፍ ተከራይቶ ያስያዘው ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«መጽሐፍ?» ብሎ ሳቀና አለቃውን ጠራ። አንድ ሃምሳ አለቃ መጣ። «የታለ መጽሐፉ?» ሲል አዴ ወርቂቱ አውጥተው ሰጡት። የኋላው ገጽ ትዝ ያለኝ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው።

ከፊት ሁለት ገጽ አየ። ከዚያ ወደ ኋላ ገለበጠው። ኦቦ ደቻሳ የጻፉትን ድምፅ አውጥቶ አነበበ። «ልክ ነው። ይሄን የጻፈው ወታደር ነው።» ቀጣዩን ገለጠ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። አውራ ጣቱ የገመቹ ጽሑፍ ላይ ነው።

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?»

«አንባቢዎች ናቸው። ስም አይጽፉም።»

«አንቺ አታውቂያቸውም?»

«እኔ ሰው አላናግርም። ዲዳ ነው የሚሉኝ። ይጠይቁ።»

ሁሉም እውነት ነበር። ሰው አለማናገሬ ለአንድ ሰው ጠቀመ ብዬ የማምነው ያን ቀን ብቻ ነው።

አልማዝ የጻፈችውንም አነበበ። እሱን ሁለት ጊዜ ሳያነበው አልቀረም። መታወቂያውን ተቀበለ፤ መጽሐፉን ብብቱ ስር አደረገ። «ይሄ እኔ ጋ ይቆይ» አለ።

«መያዣ መታወቂያ ነው» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። የበሩ ወታደር በሳቅ ፈነዳ። ሃምሳ አለቃው አልሳቀም። «ዞር ብላችሁ ቁሙ» አለን።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። አዴ ወርቂቱ እጄን አልለቀቁም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገመቹ ከሌሎች አራት ልጆች ጋር ወጣ። የጫማው ማሰሪያ ተወስዷል፤ ጉንጩ አብጧል። የወጣው በመታወቂያው ይሁን በሌላ አላውቅም። ውስጥ የቀሩም ነበሩ።

ከዚያው የቀሩትን አሥር መታወቂያዎች ቤት ለቤት አደልኩ። አንኳኳሁ፤ ስም ጠራሁ፤ ሰጠሁ። ኦቦ ደቻሳ በራቸውን ከፍተው «አንቺ ትናገሪያለሽ እንዴ!» ብለው አቀፉኝ።

ጋሽ ከማል በሦስተኛው ቀን ከአስኮ በእግራቸው መጡ። የምባረር መስሎኝ ከመደርደሪያው ኋላ ቆምኩ።

«ቆርቆሮው ባዶ ነው።»

«አዎ ጋሼ።»

«መጽሐፎቹስ?»

«ሰዎቹ ጋ ናቸው። የመቶ አለቃው ግን ወታደር ጋ ነው።»

የሆነውን ነገርኳቸው። በሕይወቴ ለእርሳቸው ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። ሳበቃ ከመስኮቱ እፍኝ እስክሪብቶ አንስተው ቆርቆሮው ውስጥ ከተቱ። «ከእንግዲህ ይሄ የእስክሪብቶ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምንይዘው ስምና ስልክ ነው። ከመቶ አለቃው በቀር ሁሉም መጽሐፍ ተመለሰ። ጋሽ ከማልን እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ፤ ነገሩን አንድም ቀን አላነሱብኝም።

የመቶ አለቃውን ሌላ ቅጂ ገዙ። ሰፋሁት፤ አራት ወረቀት ለጠፍኩበት። ኦቦ ደቻሳ መጀመሪያ ተከራይተው «ለሁለተኛ ጊዜ አመለክታለሁ። አንድ ካርታ ሠላሳ ይይዛል» ብለው ጻፉ። ገመቹ ደግሞ፦ «አሁንም ወታደር እንዲህ አያፈቅርም። የልብስ ሰፊዋ ወንድም ግን በሰላም ይመለስ።»

ከሥራው የተማርኩት ይህን ነው፦ መያዣ ስትቀበሉ ሰውየው ያለዚያ ነገር በሰላም ቤቱ መግባት ይችል እንደሆነ አስቡ። የማይችል ከሆነ አትያዙ።

ገመቹ አሁን ሱሉልታ አስተማሪ ነው። ባለፈው ወር እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ወደ ሱቁ ጎራ አለ። ያን ቀን መታወቂያውን ስለከለከልኩት ይቅርታ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ቀና ብዬ «ገመቹ፣ ያን ቀን...» አልኩና ቆርቆሮው ውስጥ ያሉትን እስክሪብቶዎች መደርደር ጀመርኩ። ከዚያ የመቶ አለቃውን ከመደርደሪያው አውርዶ በጀርባው ገለጠና ፊቴ አስቀመጠው።

«አፍሽ እምቢ ካለሽ ጻፊው፣ አያንቱ። ባዶ ቦታ አለ።»