የክሌር ግራ ዓይን

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ አንድ የዓይን ሐኪም ዘንድ ተቀምጬ ነበር። አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፎ፣ ብርሃኑን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያበራ ብዙ ካየኝ በኋላ ወንበሩን አዞረና ከኋላዬ ከቆመችው ልጄ ከትዕግሥት ጋር በእንግሊዝኛ ማውራት ጀመረ። ልጅ እግር ነው፣ ትሑትም ነው፤ ስገባ ብድግ ብሎ "እንደምን አደሩ፣ እማማ" ብሎኛል። ነጠላ ያጣፋች አሮጊት ዕድሜዋን እንግሊዝኛ ስታስተምር እንደኖረች በምን ይወቅ? አላስቀየመኝም። ይህንኑ ነገር ግን ከብዙ ዓመት በፊት አይቼው ነበር፤ ያኔ ከኋላ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ዳንግላ የተመደብኩ ሰሞን ነው። ክሌር ከአየርላንድ በበጎ ፈቃድ መጥታ ከእኔ ክፍል ጎን ታስተምር ነበር። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ጭቃ የማትፈራ ሴት ናት። ስምንተኛ ክፍሎችን ለሚኒስትሪ ፈተና የምታዘጋጀው እሷ ስለነበረች፣ ልጆቹ ከእሷ ሌላ መምህር ያለ አይመስላቸውም። ትንሽ ትንሽ እቀና ነበር።

ሰኔ ገባ። ሰማዩ ጠዋት ይጠቁራል፣ ከሰዓት ያጉረመርማል። አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ተቀምጠን ሳለ ክሌር "ዛሬ መብረቁ በዛ" አለችኝ። ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ፤ ውጭው ፀሐይ ነው። ብልጭታው ግራ ዓይኗ ውስጥ ነበር። በማግሥቱ በዚያው ዓይኗ ላይ ጥቁር ነገር እንደ መጋረጃ ከላይ ወረደባት።

ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ነርሷ ዓይኗን ገልጣ አየችና ረጅም ንግግር አደረገች፤ ስለ አቧራ፣ ስለ ድካም፣ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት፣ አክስቷን ስላዳናት ጠበል ጭምር። ክሌር ወደ እኔ ዞረች።

"ይሻልሻል ትላለች" አልኳት።

"ያን ሁሉ ተናግራ ይኼው ነው?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችው። "ገበያ ላይ አስተርጉሚልኝ፣ ስብሰባ ላይ አስተርጉሚልኝ። የዓይኔን ነገር ግን በራሴ ቋንቋ፣ ከሐኪሙ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።"

እንግሊዝኛ ተናጋሪ የዓይን ሐኪም ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ። ዛሬ ስልክ መነካካት ነው፤ ያኔ ሰው መጠየቅ ነበር። ከተማው ሁሉ መካሪ ሆነ። ቆሰበር ፈረንጅ ሐኪም አለ ቢሉን አጣራን፤ የጥርስ ሐኪም ነበር፣ እሱም ከሄደ ቆይቷል። በመጨረሻ ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰኢድ ደረሱልን። የዓይን ሞራቸውን አስገፍፈው ማየት ከጀመሩ ወዲህ የዓይን ነገር ሲነሣ ዝም ማለት አይችሉም።

"ባሕር ዳር ነው ልጄ። ውጭ የተማረ ነው፤ ከፈረንጅ ጋር ሲያወራ በጆሮዬ ሰምቻለሁ" አሉና የሱቃቸውን ስልክ ወደ እኔ ገፉልኝ። "አሁኑኑ ደውይ።"

በማግሥቱ ከመነኸሪያ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገበሬው በሬ ጠምዶ ያርሳል። ክሌር ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ እየሸፈነች በግራው የቀራትን ትለካ ነበር።

"ከበሬዎቹ እግራቸው ብቻ ነው የሚታየኝ" አለችኝ። ድንቹ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ሐኪሙ ሐጂ እንዳሉት ነበር። እንግሊዝኛው ከእኔ ይልቃል፤ ስለ አገሯ ዝናብ እየጠየቀ አሳቃት። ከዚያ መረመራት፣ ብዙም ቆየ። ሲነሣ ፊቱ ተለውጧል። ወደ እኔ ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በአማርኛ ጀመረ።

"እህቴ፣ ከዓይኗ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን እየተላቀቀ ነው። ቶሎ አገሯ ሄዳ ካልተሠራላት ዓይኑ ይጠፋል። አሁን አትንገሪያት። ምሳ ትብላ፤ ቤት ስትገቡ ቀስ ብለሽ ንገሪያት።"

ክፋት አልነበረውም። እኛ ዘንድ ክፉ ወሬ እንዲያ ነው የሚነገረው። ዘመድ የሞተበት ሰው እንኳ መጀመሪያ እህል ይቅመስ ይባላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ መርዶው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ሁሉ እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ክፉ ወሬ ሲገጥመው ወደ እናቱ ቤት ልማድ ተመለሰ። እኔም አመነታሁ። ብነግራት ትደነግጣለች፤ አለሳልሼ ብነግራት ደግሞ ልጆቹን ሳታስፈትን አትሄድም፣ ዓይኗም እስከዚያ አይጠብቃትም።

ክሌር ስታየኝ ቆየች። "ፊትሽ ነግሮኛል" አለች። ወንበሯን ጎትታ ሐኪሙ ፊት ለፊት አደረገችው። "ዶክተር፣ ዓይኑ የእኔ ነው። ለእኔ ይንገሩኝ።"

ነገራት፤ በዚያ በሚያምር እንግሊዝኛው፣ ምንም ሳያስቀር። እስከ ፈተናው መቆየት ትችል እንደሆነ ጠየቀችው።

"እህቴ ብትሆኚ ነገ አሳፍርሽ ነበር" አላት። ያን ጊዜ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

በማግሥቱ ሄደች። ልጆቹን ለፈተና ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከወራት በኋላ ሐጂ ሱቅ ደውላ አስጠራችኝ፤ ዓይኗ እንደ ድሮው ባይሆንም ተርፏል። ሐጂ ስልኩን ተቀብለው መርቀው መርቀው አይጨርሱም። ሲመልሱልኝ ክሌር "ምን አሉ?" አለችኝ። አንዱንም ሳላስቀር ተረጎምኩላት።

የእንጅባራው ወጣት ሐኪም ለትዕግሥት የሚነግራት ይህ ነበር፦ የዓይኔ ግፊት ከፍ ብሏል። በግራው ያጣሁት አይመለስም፤ ጠብታውን በየቀኑ ካላደረግኩ የቀረውም ይሄዳል። ለእናትሽ ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው አላት። ትዕግሥት ከንፈሯን ነክሳ ታዳምጣለች።

"ልጄ፣ ዓይኑ የእኔ ነው" አልኩት በእንግሊዝኛ። "ለእኔ ንገረኝ።"

አፈረ። ይቅርታ ጠይቆ ወንበሩን ወደ እኔ መለሰና ሁሉንም እንደገና ነገረኝ። ቀድሜ የሰማሁት ቢሆንም ለራሴ ሲነገረኝ ሌላ ሆነብኝ።

ስንወጣ ያካፋ ነበር። ባጃጅ እስኪመጣ በረንዳው ጫፍ ላይ በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆምን። ትዕግሥት ክንዴን ይዛ "እማ፣ ደነገጥሽ?" አለችኝ። ድሮ ቢሆን ምን ያስደነግጠኛል ብዬ ወሬ አስቀይራት ነበር፤ አባቷ ሲታመምም ያደረግኩት እሱኑ ነው።

"አዎ፣ ፈርቻለሁ" አልኳት።

ልጄ ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ ይህን ከእኔ አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበለችው።