ኢያቲ ቀና ብሎ የማያየው ተራራ

ከኒውዚላንድ ወደ ሰሜን፣ በውቅያኖስ መሃል ባለችው በታና ደሴታችን ከምሥራቁ ወደብ እስከ እሳቱ ተራራ ሰው የሚያደርስ ሾፌር የእህቴ ባል ኢያቲ ብቻ ነው ብል ሌሎቹ ሾፌሮች ይጣሉኛል። ይጣሉኝ። እነሱ መንገድ ላይ ይቀራሉ፣ እሱ ይደርሳል። በሸራ ጀልባ ባሕሩን የሚዞሩ ነጮች ወደቡ ላይ መልሕቃቸውን ጥለው መጀመሪያ የሚጠይቁት የኢያቲን ፒክአፕ ነው።

እኔ ናምሪ እባላለሁ። ሥራዬ መኪናው አመድ ውስጥ ሲያዝ መግፋት፣ እንግዶቹን ከመኪናው ማቆሚያ እስከ እሳቱ አፍ ይዞ መውጣት፣ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ ኢያቲን መንቀፍ ነው። ኢያቲ ራሱ አይወጣም። ባለፈው ዝናብ ልጁ ካዊያ በትኩሳት ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ባሕር አዙሮ ያቆምና እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀናል። በእኛ እምነት የሙታን ነፍስ የሚገባው ተራራው ውስጥ ነው። ቀና ብሎ ካየ፣ ልጁ እንደገባች አመነ ማለት ነው። የፈራው እሱን ነው።

በወጋችን ሐዘን ሲያበቃ አባት ለእናቲቱ ወንድሞች አሳማ አርዶ፣ ሰሌን ሰጥቶ፣ ፂሙን ይላጫል። የእናቷ ወንድም እኔ ነኝ። አሳማውም ከመወፈሩ የተነሳ መራመድ አቅቶታል። ኢያቲ ግን ፂሙን ደረቱ ድረስ አውርዶታል። “አንተ ሰውዬ፣ አሳማው እኮ በእርጅና ሊሞት ነው” እለዋለሁ። አማቾች ስለሆንን መላከፍ መብታችን ነው፤ ድሮ ቢሆን የእጄን ይሰጠኝ ነበር። አሁን ፈገግ ይልና ይተወኛል። እህቴ ይህን ስታይ ታለቅሳለች። እኔም የምቀልደው እንደ ድሮው እንዲመልስልኝ ነው።

አንድ ቀን ማልኮም የሚባል ግዙፍ አዛውንት ከሚስቱ ከፔታ ጋር ከኒውዚላንድ በጀልባቸው መጡ። ፔታ ደቃቃ ናት፣ ትከሻው ሥር ነው የምትቀረው። የሰውየው ዓይን እየከዳው ነው። ብርሃን ከጨለማ ይለያል እንጂ የሰው ፊት አይለይም። ያን ሁሉ ባሕር ያቋረጡት ዓይኑ ጨርሶ ሳይጠፋ እሳቱን እንዲያይ ነው። ነፋሱ ሊዞር ስለሆነ ደግሞ በማግስቱ መሄድ ነበረባቸው።

ጫካውን ጨርሰን አመዱ ሜዳ ላይ ስንወጣ ወሬያችን ሁሉ ቆመ። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አርጅቼ እንኳ እዚያች ቦታ ስደርስ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ። ሣር የለ፣ ወፍ የለ፤ ጥቁር አመድ ብቻ። ከመሃሉ ሽማግሌው፣ ተራራውን እንደዚያ ነው የምንጠራው፣ ጭሱን ወደ ሰማይ እየለቀቀ ተቀምጧል። ሲያጓራ ንዝረቱ በመኪናው ወለል አልፎ እግራችን ውስጥ ይገባል። ጎርፍ መንገዱን የቆረጠበት ቦታ ላይ ወርጄ ገፋሁ። ኢያቲ መሪውን ጨብጦ የሚያየው ጎማው የሚያርፍበትን ብቻ ነበር።

ማቆሚያው ጋ ደርሰን ማልኮምን ደግፌ ሽቅብ ጀመርኩ። ጥቂት ሳንሄድ አመዱ ከእግሩ ሥር ከዳውና ተያይዘን ተንከባለልን። ሰውየው እንደ በሬ ይከብዳል። ፔታ ልትይዘው ብትሞክር እሷንም ይዟት ሊወርድ ሆነ። መኪናው ጋ ተመልሼ ለኢያቲ ብቻዬን እንደማልችል ነገርኩት። ዓይኑን ከባሕሩ አላነሳም። ሰደብኩት፣ እዚህ የማይነገር ስድብ። ከመቀመጫው አልተነሳም።

ማልኮም አመዱ ላይ እንደተቀመጠ ጭቅጭቃችንን ሰምቶ ኖሮ፣ “ተወው፤ ተራራው ሲያጓራ ሰምቻለሁ፤ ይበቃኛል” አለ። ሲናገር ግን ፊቱ ወደ ተራራው እንደዞረ ነበር። ኢያቲ በመስተዋቱ አየው። በሩን ከፍቶ ወረደ።

ግራና ቀኝ ይዘነው ወጣን፤ ፔታም ተከተለችን። ኢያቲ አንገቱን እንደደፋ ነው። ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ገብታ ነበር፤ ያኔ ሽማግሌው ተራራ ተነፈሰ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ምድር የተቀደደ ነው የሚመስለው። የጋለው ድንጋይ ከራሳችን በላይ ይወጣና አየር ላይ ትንሽ የቆመ መስሎ፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፔታ አፏን በእጇ ይዛ ቀረች።

ማልኮም የኢያቲን ክንድ ጨበጠ። “እኔ የሚታየኝ ቅላት ብቻ ነው። አንተ ንገረኝ፣ ምን ይመስላል?”

ልመልስለት አፌን ከፍቼ ተውኩት። የተጠየቀው ኢያቲ ነው።

ኢያቲ ቀና አለ። መናገርም ጀመረ። ከታች የሚፈላውን፣ ዳር ዳሩ ሲጠቁር መሃሉ ነጭ የሚሆነውን፣ ጭሱ ከሥሩ ሲበራ የሚያወጣውን ቀለም አንድ በአንድ ነገረው።

“ያስፈራል?” አለው ማልኮም።

“አያስፈራም፤ ይሞቃል” አለ ኢያቲ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ትቶ፣ በእኛ ቋንቋ፣ “ናምሪ፣ ካዊያ እዚያ አይበርዳትም” አለኝ።

ማልኮምን መሃል አድርገን እንደያዝነው ሁለታችንም አለቀስን።