የአባዬ ላንድሮቨር ክራንክ

«እህቴ፣ ሰው ከዓረብ አገር ወርቅ ይዞ ይመጣል፤ አንቺ ፒስተን?» አለኝ የቦሌው ፈታሽ፣ አንዱን አንስቶ እያገላበጠ። «ደግሞ አራት! ለባልሽ ነው?»

«ለራሴ ነው። ሞተር ልገጥምበት።»

ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ የምሬን ነበር።

እዚያ ያላችሁ እህቶቼ ታውቁታላችሁ፣ ሰው አገሩ ተመልሶ ለመቅረት ሰበብ ይፈልጋል። የእኔ ሰበብ የአባዬ አሮጌ ላንድሮቨር ነበረች። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሰው ሲያመላልስባት ኖሮ፣ ሞተሯን አውርዶ በታተነው፤ ሳይገጥመው ሞተ። ክራንኩን፣ ያን ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ከባድ ዘንግ፣ በገመድ አንጠልጥሎ በመዶሻ ነካ ያደርገውና «ስሚ፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው፣ ከታፈነ ተሰንጥቋል» ይለኝ ነበር። ብረት መስማት የተማርኩት ከእሱ ነው።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረስኩ ሻርጃ ለቤት ሠራተኝነት ሄድኩ። የመጀመሪያዋ እመቤት ገና ከበሩ ስልኬን ተቀበለችኝ፤ ስምንት ወር ድምፄን ለማንም አላሰማሁም። ከዚያ ጠፍቼ የገባሁበት ሁለተኛው ቤት ጌታው አሮጌ መኪና ወዳድ ነበር። አንድ ቀን ሲያስነሳ ሰምቼ «ባባ፣ ይሄ ሞተር ከውስጥ ያንኳኳል» አልኩት።

«ኢንቲ? አንቺ? መካኒክ?» ብሎ ሦስት ቀን ሳቀብኝ። በአራተኛው ቀን መካኒኩም ያንኑ ነገረው። ከዚያ ወዲያ ቀን ጋራዥ፣ ማታ ሰሃን። እዚያ ብረት በጓንት የሚያዘው ስለሚያቃጥል ነው፤ እኛ ዘንድ ቁሩ ጣት ስለሚቆርጥ።

ለላንድሮቨሯ የሚሆነውን ዕቃ አንድ በአንድ ሰበሰብኩና ለእማዬ ደወልኩ። «ሞተሯ ከተነሳች አልመለስም፤ እንዳባዬ ሰው አመላልሳለሁ።» «ብቻ በሰላም ግቢ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ደስታ መስሎኝ።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ የአባዬን ሣጥን ከፈትኩ። ሁሉም በግሪስ እንደተቀባ አለ። ክራንኩ የለም።

«እማዬ፣ ክራንኩስ?»

«መጀመሪያ እህል ቅመሺ።»

«ክራንኩስ?»

«ነገ እሑድ አይደል? ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን።»

ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ግማሽ መንገድ ላይ ደወሉ ጮኸ፣ እግሬም ተገተረ። ያሳደገኝ የደብራችን ደወል ድንጋይ ነበር። ይሄ ግን ብረት ነው፤ ጥርት ያለ፣ ያልተሰነጠቀ ብረት። ሳላየው አወቅኩት። ስንደርስ የአባዬ ክራንክ ከቅጥሩ ጽድ ቅርንጫፍ በጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ሽማግሌው ደዋይ ይመታዋል።

«ስምንት ወር ሞታለች ብዬ ነበር» አለች እማዬ። «ቤቴ ውስጥ ከባድ ነገር እሱ ብቻ ነው። ‹ድምጿን አሰሚኝና ይኸው› ብዬ ለእመቤቴ ተሳልኩ። በሳምንቱ ደወልሽ።»

«ለቆራሌው ብትሸጪው ይሻል ነበር!» ብዬ ጮህኩ። ቅዳሴ የመጣው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የደብሩ አስተዳዳሪ አባ በኋላ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ደወል ደወል ነው። የከባድ መኪና ቸርኬ አምጪልንና ውሰጂው። እናትሽን ከስለቷ እኔ እፈታታለሁ።»

አዲስ አበባ ያሉትን ዕቃ ሻጮች በሙሉ በስልክ ጠየቅኩ፤ የዚያ ሞዴል ክራንክ ያለው አንድም የለም። ስለዚህ ማክሰኞ ከደብረ ብርሃን ቸርኬ ገዝቼ፣ ሁለት ሰው አሸክሜ ወጣሁ። እማዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ጽዱ ሥር ተቀምጣለች።

«አባ እኮ ፈቀዱ፣ እማዬ።»

«አባ ቢፈቱኝ እመቤቴ አልፈታችኝም። አንቺን በዚህ ነው የተቀበልኩሽ። አሁን አውርደሽው፣ ያቺ መኪና ያን የአንኮበር ገደል ይዛሽ ብትገባ ማንን ልለምን? ምን ሰጥቼ?»

«እንግዲያስ እዚያው ልመለስ?»

«እዚያ ስትሆኚ ድምፅሽን እሰማለሁ።»

«እማዬ፣ ወደዚያ ልመለስ ነው የምትዪኝ?»

«ሂጂ» አለች፣ ሳታየኝ።

የተሸከሙት ሰዎች ቸርኬውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ወረዱ። ቤት ገብቼ ፒስተኖቹን ግሪስ ቀባኋቸው፣ ጠቀለልኳቸው፣ የአባዬ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬ ክዳኑን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት።

ቅዳሜ ጧት የአዲስ አበባው ሚኒባስ ረዳት ሻንጣዬን ወደ ላይ ሲያነሳ «ባዶ ነው እንዴ፣ እህት? ምን ይዘሽ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

ገብቼ በሩን ሳብኩት።