ባንዱ እንዳይፈርስ

ስለ አውስትራሊያ የማውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ካንጋሮ አለ፣ አንድ ሮክ ባንድ አለ። የባንዱን ታሪክ ግን ከገዛ ዘመዶቼ ታሪክ አብልጬ አውቀዋለሁ። ማን መጀመሪያ ጊታር እንደገዛ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የትኛው ድራመር ወጥቶ የትኛው እንደገባ፣ ጠይቁኝ። ወድጄ እንዳይመስላችሁ። እንጅባራ ላይ ኢንተርኔት ጠፍቶ ወራት ሲቆይ እጄ ላይ የነበረው ቪዲዮ ያ ብቻ ነበር። የስልክ ጥገና ሱቅ አለኝ። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስክሪኑ የተሰበረ ስልክ ጥሎልኝ በዚያው ጠፋ፤ ሚሞሪው ውስጥ ይኼ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ተገኘ። የሰው ሚሞሪ መበርበር ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ተዉኝ። ደንበኛ የለ፣ መንገድ የለ፣ ሰርግ የለ። ተቀምጬ አየሁት፣ ደግሜ አየሁት። በዚያች በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ መጀመሪያ ግማሹ ገባኝ፣ በኋላ ሁሉም።

አምስት ልጆች ናቸው። ከአንድ መጠጥ ቤት ነው የጀመሩት፤ ሰካራሙ ብርጭቆ ይወረውርባቸው ነበር። ከዚያ ባረጀች መኪና ዕቃቸውን ጭነው ከከተማ ከተማ ዞሩ። ለንደን ሄደው ዞር ብሎ የሚያያቸው ጠፍቶ አፍረው ተመለሱ። ቀጥሎ አንድ ዘፈን ወጣላቸውና ዓለም አወቃቸው። በሰባተኛው ዓመት ድምፃዊው "በቃኝ፣ እስቲ ብቻዬን ልሞክር" አለ። ሌሎቹ ተሰብስበው ተነጋገሩ። እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ነበር በጣቴ የማሻግረው። ሁልጊዜ አሻግረው ነበር። ለምን እንደማሻግረው ልንገራችሁ።

እኛም ባንድ ነን። ከሃይስኩል የሙዚቃ ክበብ የወጣን አራት ወንዶች፤ እኔ ኪቦርድ፣ የቀሩት ሊድ፣ ቤዝና ድራም። ሮክ እኛም ሞክረናል፣ እንዳትስቁ። ዳንግላ አንድ ሰርግ ላይ ሊድ ጊታሪስታችን ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተውና እየተንቀጠቀጠ መጫወት ጀመረ። ዳሱ ውስጥ ይጨፍር የነበረው ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ተቀመጠ። የሙሽራው አያት ተነስተው ወደ እኔ መጡና፣ "ልጄ፣ መብራቱ ነው የተበላሸው ወይስ ማሽኑ?" አሉኝ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አይደል የሚባለው። በዚያው ተውነው።

ባንድ የሆንነው እሷ ስትመጣ ነው። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጣች የገበሬ ልጅ ናት፣ ያኔ መምህራን ኮሌጅ ትማር ነበር። አንድ ሰርግ ላይ በክፍያ የምናዘፍነው ልጅ ጉሮሮው ተዘጋ፤ እሷ ከሴቶቹ መካከል ተነሳችና ማይኩን ተቀብላ በአዊኛ ዘፈነች። ምን ልበላችሁ! ወጥ ቤት የነበሩት ሴቶች ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጥተው ጨፈሩ። እኔ ኪቦርዱ ላይ እጄ ቀረ። በማግስቱ ነው "ከእኛ ጋር ትዘፍኚያለሽ?" ያልኳት። "እኔስ እፈልጋለሁ፣ አባቴ ግን ይገድለኛል" አለች።

አባቷ አልገደላትም፤ እኛን ግን ሊያባርረን ምንም አልቀረውም። "ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?" ብሎ በሩን ዘጋብን። ሦስት ሽማግሌ ሰብስቤ ተመለስኩ። በአዊኛ ብዙ ተባባሉ፤ እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ የሚገባኝ ጥቂቱ ነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ "እሺ፣ ትዝፈን" አለ። "ግን ልጄ ከሜዳ የተገኘች አይደለችም። በሰርጉ እንድትዘፍንለት የፈለገ ሰው መጥቶ ደጄ ላይ ቆሞ ይለምነኝ። እሺ ካልኩ እሺ ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።"

"እንዳሉት ይሁን፣ አባባ" አልኩ። ሲጀመር አስቆኝ ነበር። ሌላው ባንድ ፖስተሩ ላይ ስልክ ቁጥር ይለጥፋል፤ የእኛ ደንበኛ ጭቃ ረግጦ ገበሬ ደጅ ይቆማል። ግን ይኼው ነገር ስም አወጣልን። "የዚያች ልጅ ባንድ እንዲሁ አይገኝም፣ ሽማግሌ ይላካል" ተባለ። የሙሽራ አባቶች ከዳንግላ፣ ከጫግኒ ሳይቀር አረቄ ይዘው ይመጡ ነበር፤ በፈረስ የሚመጡም ነበሩ። ሰውዬው ነጭ ጋቢውን ለብሶ ያስተናግዳቸዋል፣ ቀኑን ይሰማል፣ ቃል ይሰጣል። ልጅቷም ኮሌጁን ጨርሳ በአባቷ ኮራች፣ አባቷም በልጁ። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ከዚያ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሙዚቃ ክሊፕ ሠሪ ጫግኒ ሰርግ ላይ በስልክ የተቀረፀች ቪዲዮዋን አይቶ ደወለላት። ጥር ውስጥ ትምጣ፣ ሁለት የአዊኛ ዘፈን እንሠራላታለን፣ በጥር ካልመጣች ግን ቦታውን የምትይዝ ሌላ ልጅ አለች አላት። ሱቄ ድረስ እየሮጠች መጣች። ጉንጯ ቀልቷል።

"ጋሼ፣ ለአባቴ እንኳ ገና አልነገርኩትም። መጀመሪያ ላንተ ብዬ ነው" አለችኝ።

"እንኳን ደስ ያለሽ!" አልኳት። አፌ ነው ያለው። እንድትሄድ አልፈለግሁም። ሰው ሲያማኝ እንደሰማሁት በፍቅር ነገር አልነበረም፤ ልጄ ማለት ናት። ፈርቼ ነው። እሷ ከሄደች እኛ ማነን? ጄኔሬተር ያላቸው አራት ጎልማሶች። አርባ ዓመቴን ያለፍኩ ሰው ነኝ፣ በዕድሜዬ ሠራሁ የምለው ነገር ይኼ ባንድ ነው፤ የቀረው ስክሪን መቀየር ነው። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ጾም ሳይገባ የምንሠራው ያኔ ነው። እነዚህን ሁሉ ምክንያቶች ያኔ ለራሴ ደርድሬያቸዋለሁ፤ አሁን ሳስባቸው አንዱም ደስ አይለኝም።

የሠራሁት ይኼን ነው። ጥር ላይ ድግስ ያለባቸው ሦስት ቤተሰቦች ቀን እንድነግራቸው ይጠብቁኝ ነበር፤ አንዱ እዚሁ እንጅባራ፣ አንዱ ዳንግላ፣ አንዱ ጫግኒ። እሷ ከሱቄ እንደወጣች ለሦስቱም ደወልኩ። "ነገ በጠዋት ሽማግሌ ይዛችሁ ወደ አባቷ ሂዱ፣ ቀን ሳይያዝባችሁ" አልኳቸው። ሄዱ። አባቷ ለሦስቱም ቃል ሰጠ። ሦስቱ ሰርግ ወሩን ከዳር እስከ ዳር ሞላው።

በማግስቱ ሱቄ መጣችና ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። "አባቴ ለሦስት ቤት ቃል ሰጥቷል" አለች።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ውይ! ሦስቱም በጥር?" አልኳት።

"ሦስቱም።" ትንሽ አየችኝ። "ጋሼ፣ ምን ላድርግ ትለኛለህ?"

የከፈትኩትን ስልክ ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ መልሼ ፈታሁ። "የአባት ቃል ነው" አልኩ። "ምን ይደረጋል።"

"እሺ" ብላ ሄደች።

ሦስቱንም ሰርግ ዘፈነች። ድምጿ አልተለወጠም፣ ሥራዋን አልበደለችም። አዲስ አበባ ያቺ ሌላዋ ልጅ ተቀረፀች፤ ክሊፑን ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ሲያየው ሰማሁት፣ እሷም ከኋላ ተቀምጣ ሰማች። ድራመራችን፣ "ይቺማ አንቺን አትደርስብሽም" አላት፤ ሊያጽናናት ነው፣ ደህና ልጅ ነው። እኔ በመስኮት በኩል ማሳውን አየሁ።

ከዚያ ግጭት ተነሳ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ኔትወርኩም ጠፋ። ከእንጅባራ መውጣት ቀረ፤ አንዳንድ ሳምንት ከቤት ወደ ሱቅም መሄድ ያስፈራ ነበር። ብርዱ፣ ዝናቡ፣ የተዘጋ ሱቅ። እነዚያን አውስትራሊያውያን ያየኋቸው ያኔ ነው። አንድ ቀን ጣቴ ደክሞት ያንን ቦታ ሳላሻግር ቀረሁ። ድምፃዊው እሄዳለሁ ሲላቸው አራቱ ልጆች ምን አሉት መሰላችሁ? ተቆጡ፣ ሁለት ቀን ተኳረፉ፣ ከዚያ ዕቃውን ጭነው አውሮፕላን ጣቢያ አደረሱት። ባንዱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከሰረ፣ ተዋረደ፣ ሌላ ድምፃዊ አገኘ፣ እንደገና ቆመ። አርጅተው ይታያሉ፣ አሁንም ይጫወታሉ። ስልኩን ዘግቼ ወረወርኩት። እኔ ግን እሷን ለአንድ ጥር መልቀቅ አቃተኝ። ወይ ነዶ!

ነገሩ ጋብ ሲል ሰርግ እንደገና ተጀመረ። ካለፈው ፋሲካ በኋላ ዳንግላ ሠርተን በማግስቱ ጠዋት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆማችሁ ጠብቁ ተባልን። ለምን የሚል የለም፣ ለምድነዋል። ከፊታችን ባስ፣ አይሱዙ፣ ባጃጅ ተደርድሮ ቆሟል። ልጆቹ ሻይ ሊጠጡ ወረዱ። እሷ እግሯን አሟት ስለነበር ሚኒባሱ ውስጥ ቀረች፤ እኔም ሞንታርቦውን ተደግፌ ቀረሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ብቅል አይደለም፣ እዚያ ስድስት ሰዓት መቀመጥ ነው። ነገርኳት። ሦስቱን ቤተሰብ የላክሁት እኔ ነኝ፣ እንዳትሄጂ ብዬ ነው አልኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትመታኝም እወድ ነበር።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"የዚያኑ ዕለት ነው ያወቅሁት። አባቴ ሞኝ መሰለህ? ሦስት ሽማግሌ በአንድ ጠዋት ሲመጣበት ማን እንደላካቸው ጠየቃቸው። አንተ ነህ አሉት።"

"ታዲያ እንዴት እሺ አለ?"

"እሺ ከማለቱ በፊት ገብቶ እኔን ጠየቀኝ። የአዲስ አበባውን ያኔ ነገርኩት። 'ልጄ፣ ቃሉ ገና ከአፌ አልወጣም፤ እምቢ ልበላቸው?' አለኝ።" ጫማዋን አውልቃ እግሯን ታሽ ነበር፣ ቀና አላለችም። "እሺ በላቸው አልኩት። ጋሼ ይጸጸታል፣ ነገ ራሱ ሂጂ ይለኛል፣ ቤተሰቦቹንም ራሱ ለምኖ ቀን ያስቀይርልኛል አልኩት። አባቴ፣ 'እርግጠኛ ነሽ?' አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት።"

አልቅሼ አላውቅም አልልም፤ እንደዚያ ቀን ግን አልቅሼ አላውቅም። አባቷ በሩን ከፍቶ ጠይቋታል። በእኔ ተማምና ነው የዘጋችው። እኔ ያጠመድኩት ወጥመድ እንኳ አልነበረም፤ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ትሄድ ነበር።

"አሁን ሂጂ" አልኳት። "የተያዘውን ሰርግ ሁሉ እኔ አስለቅቅልሻለሁ። ዛሬውኑ ለአባትሽ እነግራቸዋለሁ። ሂጂ።"

ቀና ብላ በፊት መስታወቱ በኩል መንገዱ ላይ የቆመውን መኪና ሁሉ አየችው።

"የት?" አለችኝ።

በቁጣ አልነበረም፤ የእውነት የምትጠይቀኝ ነበር የምትመስለው። ጫማዋን አጥልቃ ወረደች፣ ከልጆቹ ጋር ሻይ ጠጣች። የሚቀጥለው እሁድ እዚሁ እንጅባራ ሰርግ ነበረን። መጥታ ዘፈነች።