የተሻረውን አሠልጣኝ ልንጠይቅ የሄድን ቀን

ፓኩን ያገኘሁት ከአባቴ ካልሲዎች ሥር ነው። ፓክ በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱበት፣ መዳፍ የሚያክል ጠፍጣፋ ጥቁር ጎማ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ሲያትል አጠገብ ቡሪየን የነበረውን አፓርታማውን ለማስረከብ ዕቃውን በካርቶን እየከተትኩ ነበር። አነሳሁና አሸተትኩት። የጎማ፣ የእርጥብ ጓንትና የቀዘቀዘ ፈንዲሻ ሽታ መጣብኝ፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ፓኩ ቤታችን የገባ ጊዜ አሥር ዓመቴ ነበር። የአሁኑ ትልቁ ቡድን ሲያትል ከመምጣቱ በፊት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ትንሽ የሆኪ ቡድን ነበረ። ፕሮፌሽናል ይባል እንጂ ከማሸነፉ መሸነፉ ይበዛ ነበር። አባቴ እዚያ አዳራሽ ውስጥ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና ይነዳል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ሽንት ቤት ያጸዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ኤርፖርት ሥራ ስለምትገባ ይዞኝ ይሄድ ነበር። እኔም ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ስንሸራተት እውላለሁ። ትምህርት ቤት «አባቴ ከቡድኑ ጋር ነው የሚሠራው» እያልኩ እጎርር ነበር። ሽንት ቤቱን አልጠቅስም።

ኮሪደሩ ላይ የዋና አሠልጣኞቹ ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል። ቡድኑ ሲሸነፍ የሚባረረው አሠልጣኙ ነው፤ ሲባረር ደግሞ ስሙ የተጻፈበትን ብረት ከቢሮው በር ላይ የሚፈታው አባቴ ነበር። እኔ በማውቀው ጊዜ ብቻ አራት ፈትቷል። የመጀመሪያው ጯሂ ነበር፤ ሲቆጣ እኛ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። ሁለተኛው ማስቲካ ሲያኝክ እንጂ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሦስተኛው ፎቶው ሳይሰቀል ተሻረ፣ ምስማሩ ባዶውን ቀረ። አባቴ ነገሩን ሁሉ «ሹም ሽር» ይለው ነበር። አዲስ አሠልጣኝ ሲመጣ ሄዶ ይጨብጠውና «ሹመት ያዳብር» ይላል፤ እኔ «ጉድ ላክ» ብዬ እተረጉማለሁ። የአባቴ እንግሊዝኛ ከ«ኖ ፕሮብሌም» ብዙም አያልፍም ነበርና አንደበቱ እኔ ነበርኩ።

አራተኛው የተለየ ሰው ነበር። ሌሎቹ አባቴን በእጃቸው ምልክት ነበር የሚጠሩት፤ እሱ «ታደሰ» ማለትን ተለማምዶ ተለማምዶ ቻለው። አንድ ጊዜም ቤቱ ሶፋ ለማስገባት አባቴን ለምኖት፣ አብረው ተሸክመው ነበር። እሱም ተባረረ። አባቴ ያን ቅዳሜ ብሎኑን ፈትቶ ብረቱን በመሐረቡ ጠረገው። ቤት እንደገባን እናቴን «ድፎ ድፊ» አላት።

«ለማን?»

«ሰውየው ተሽሯል እኮ። ባዶ እጃችንን ልንሄድ ነው?»

«ፈረንጅ እንዲህ ያለ ነገር ይገባዋል ብለህ ነው?»

«ኀዘን የማይገባው ሰው አለ? ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አሠልጣኙ ወደሚኖርበት ወደ ቤልቪው ነዳን። አባቴ የክት ሱፉን ለብሷል። እኔ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ በፎይል የተጠቀለለውን ድፎ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሲያስጠናኝ ሄደ። «አይዞዎት፣ ያለ ነው በይልኝ። ዛሬ የእርስዎ ነው፣ ነገ የእኔ ይሆናል፤ ብቻዎን አይደሉም በይልኝ። ከዚያ ገብተን ዝም ብለን እንቀመጣለን።»

«ዝም ብለን? ዳድ፣ ዋይ?»

«ለቅሶ ቤት ምን ይወራል ደሞ?»

በሩን የከፈተልን በእኔ ዕድሜ የሚሆን ልጁ ነው። የአባቴን ሱፍ፣ ነጠላዬን፣ ፎይሉን አንድ በአንድ አየ። ከኋላው አሠልጣኙ መጣ፤ ጢሙን አልተላጨም፣ ዓይኑ ቀልቷል። አባቴ ጎንበስ ብሎ እጁን በሁለት እጁ ያዘና ያስጠናኝን ሁሉ እሱ ራሱ በአማርኛ አለው። ሰውየው አንዲት ቃል ባይገባውም እጁን አልነጠቀም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። የምለውን እየጠበቀ ነበር። ይሄኔ ልጁ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል አየሁት፤ ከእግር እስከ ራሴ አፈርኩ።

«አባቴ አድናቂዎ ነው፤ ፊርማዎን ይፈልጋል» አልኩ በእንግሊዝኛ።

ሰውየው ቀስ ብሎ እጁን ከአባቴ እጅ አወጣ። «ኦ፣ ሹር» አለ። ፓክ አምጥቶ በነጭ ቀለም ጻፈበት፣ ድፎውን ተቀበለ፣ አመሰገነ፣ በሩን ዘጋ። አልገባንም፣ አልተቀመጥንም።

መኪና ውስጥ አባቴ ፓኩን እያገላበጠ «ምን ይላል?» አለኝ። የተጻፈው «ለታማኝ ደጋፊያችን» ነበር። አባቴ በዕድሜው አንድም የሆኪ ጨዋታ ቁጭ ብሎ አይቶ አያውቅም። «ውለታህን አልረሳም ይላል» አልኩት። ፊቱ በራ። ፓኩ ሳሎን፣ ከማርያም ሥዕል ሥር ተቀመጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተራው የአባቴ ሆነ። ቡድኑ ፈረሰ፣ አዳራሹም ተዘጋ። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች መጥተው አጽናኑት፤ እሱ ግን ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም። በየቅዳሜው ሱፉን ለብሶ ይቀመጣል። «አሠልጣኙ ቤታችንን አያውቀውም ይሆናል» ይላል። «አድራሻ ሰጥተሽዋል አይደል?» «አዎ» አልኩት፣ ሳልሰጥ። የሚጠብቀው ሰው እንደማይመጣ በዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አልነገርኩትም። ዛሬ ነገ እያልኩ ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ሱፉን ሳይለብስ ቀረ። ፓኩን ከሥዕሉ ሥር አንስቶ «እናትሽ እውነቷን ነው፤ ፈረንጅ ውለታ አያውቅም» አለና ወደ ጓዳ ይዞት ገባ።

ኋላ ፌደራል ዌይ በሚባል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀጠረ። አለቆቹም ባልደረቦቹም ይቀያየራሉ፤ አንዱንም «ሹመት ያዳብር» ሲል፣ አንዱንም ሊጠይቅ ሲነሳ አላየሁም። «ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለውንም ዳግመኛ ከአፉ አልሰማሁም። ምንም ያልበደለውን ሰው እንደ ተቀየመ ሞተ። በዚያ ሰው እንዲቀየም ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እምነቱን የወሰድኩበትም እኔ። ይቅርታ የምለው አባት የለኝም። አሠልጣኙንም ፈልጌ አላገኘሁትም፤ ቤቱ ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል።

አሁን አሠልጣኝ ሲባረር ወሬው ስልኬ ላይ ይመጣል። ቢሮ ያሉት ይቀልዱበታል፣ እኔም በአውራ ጣቴ ገፋ አደርገዋለሁ። ሥራ ያጣ የክፍላችንን ሰው እንኳ «ሶሪ» ብዬ ቴክስት አደርግለታለሁ እንጂ ሄጄ በሩን አላንኳኳም። በአባቴ ዘመን አንድ የጽዳት ሠራተኛ የአለቃውን ኀዘን ሊካፈል ሱፉን ለብሶ ይወጣ ነበር። ያን ዘመን በአባቴ ላይ የዘጋሁት እኔ ስለሆንኩ «ደጉ ጊዜ» ብዬ ልናፍቀው እንኳ አፍራለሁ።

ካርቶኑን እየሞላሁ ሳለ ልታግዘኝ የመጣችው ልጄ ፓኩን ከእጄ ወስዳ ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሶ፣ ግራንድፓ ሆኪ ይወድ ነበር?» አለችኝ።

የአባቴን ሱፍ አጣጥፌ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩ።

«አዎ» አልኳት።