ከእናት ብቻ የተባለው

በአንድ የምርምር ተቋም ምድር ቤት የላብራቶሪ ዕቃ የምታጥብ ሴት ነበረች። ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ ሁሉም «እቴቴ» ነው የሚላት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ብልቃጥና ቱቦ ስታጥብ ኖራለች፤ መጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና፣ ቀጥሎ በተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ፣ በመጨረሻም ትልቅ ድስት በሚመስለው የእንፋሎት መቀቀያ። ሥራው የተበላሸበት ተመራማሪ «ዕቃው አልጠራም» ብሎ ሊያሳብብ ሲወርድ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ታነሣለታለች።

«እየው። አንተ ራስህ እንደዚህ ጠርተህ ታውቃለህ?»

ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ። ቀልዷን የማያውቅ አልነበረም። ሁለት ልጆች መቅበሯን የሚያውቅ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በሃያ አንድ ዓመቷ አንድ አናጺ አገባች። የአንድ ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ተዋደው ነው የተጋቡት። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ስትወለድ ደህና ነበረች። በሁለተኛው ሳምንት ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ ጡት ትይዝና ወዲያው ይደክማታል። ሆስፒታል ሲወስዷት የደሟ ስኳር ወርዷል፣ ጉበቷ አልሠራ ብሏል ተባለ። ሰባተኛ ሳምንቷን ሳትጨርስ ሞተች።

«ገና ልጆች ናችሁ፣ ትወልዳላችሁ» አላቸው ሰው ሁሉ።

በሁለተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ። እቴቴ ጠዋት ጠዋት ልጁን ወደ መስኮቱ እየወሰደች ዓይኑን በብርሃን ታያለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቢጫውን አየችው። ባሏ ከጎኗ ቆሞ ለልጁ እያፏጨለት ነበር። አልነገረችውም። ይቺን ቀን እንኳ ደስ ይበለው ብላ እስከ ማግስቱ በሆዷ ያዘችው።

ልጁ ከተቀበረ በኋላ የሕፃናት ሐኪሙ ወላጆቹን ጠራቸው። አማቷም አብረው መጡ። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። በሕዋስ ውስጥ ጉልበት የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። የራሳቸው የሆነች ትንሽ ዲኤንኤ አለቻቸው። በልጁ ጉበት ውስጥ ያቺ ዲኤንኤ ከሞላ ጎደል ጠፍታለች። ለምን እንደጠፋች አላወቅንም አለ። ከዚያ ነገሩን ለማሟላት ያህል አንዲት ቃል ጨመረ፤

«ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው።»

አማቷ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዘው የወጡት ይቺኑ ቃል ነው። «ከእናት ብቻ!» እያሉ ለጎረቤቱ አዳረሱት። ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ይሰብራል። እውነቱን ለመናገር ግን አማቷ አንዲት ቃል ባይተነፍሱም ለውጥ አልነበረውም። እቴቴ በራሷ ላይ ፈርዳ ጨርሳለች።

«ሌላ አግባ» አለችው ባሏን አንድ ቀን፣ ልብስ እያጣጠፈች።

«ምን ነካሽ አንቺ?»

«አንተ ደህና ነህ። ችግሩ እኔ ጋ ነው። ልጅ ይኑርህ።»

«ልጅ አላልኩሽም እኮ። አንቺን ነው ያልኩት።»

«ዛሬ ነው እንዲህ የምትለው።»

አንድ ዓመት ሙሉ አሻፈረኝ አለ። ያኔ ሆን ብላ ክፉ መሆን ጀመረች። የሠራላትን ወንበር ውጭ አውጥታ ዝናብ አስመታችው። አብራው መብላት ተወች። ፊቱ ላይ እናቱን ሰደበች። በስተመጨረሻ መጋዙንና መላጊያውን በጆንያ ጠቅልሎ ሲወጣ በሩን ከኋላው ቆለፈችው። ጀርባዋን በሩ ላይ አስደግፋ፣ የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ፣ ልቅሶዋ እንዳይሰማው እጅጌዋን ነክሳ ቆየች።

አናጺው አገባ። ሦስት ልጆች ወለደ፤ ሦስቱም እንደ ጥጃ የሚቦርቁ። ሰው ሁሉ «አየሽ!» አላት። እሷም «አየሁ» አለች።

የተቋሙ ሾፌር፣ ሚስቱ የሞተችበት ደግ ሰው፣ ሁለት ጊዜ ለትዳር ጠየቃት። ሁለቱንም ጊዜ «ሐሳቤ አይደለም» ብላ መለሰችው። ምክንያቱን ለማንም አልተናገረችም። እኔ የምወልደው ልጅ ሁሉ ይሞታል ብላ ነበር።

አርባ አምስት ዓመት ሲሞላት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ወደ ተቋሙ መጣች። አንድ ከሰዓት በኋላ በትንሿ አዳራሽ ስለ ሥራዋ ገለጻ ታደርግ ነበር። እቴቴ ከኋላ ያሉትን የውሃ ብርጭቆዎች ልትሰበስብ ገብታለች። «ማይቶኮንድሪያ» የሚለውን ቃል ስትሰማ እጇ ባለበት ቀረ።

«ይህ ዲኤንኤ እንደ ቀለበት ክብ ነው» ትላለች ወጣቷ። «ቢዘረጋ ከያዘው ማይቶኮንድሪያ ይረዝማል። ስለዚህ አንድ የፕሮቲን ዓይነት በብዛት መጥቶ ላዩ ላይ ይቀመጣል። በተቀመጠበት ቦታ ሁሉ ክሩን እጥፍ ያደርገዋል። ጎን ለጎን እየተደጋገፉ አጣጥፈው አጣጥፈው ትንሽ እንክብል ያደርጉታል። ፕሮቲኑ ከመጠን በላይ ከበዛ ዲኤንኤው ይጨመቅና አይነበብም። በጣም ካነሰ ደግሞ የሚይዘው ያጣል፤ አይባዛም፣ እያደር ይጠፋል።»

ከታዳሚው አንዱ እጁን አወጣ። «ፕሮቲኑን ማይቶኮንድሪያው ራሱ ነው የሚሠራው?»

«አይደለም። መመሪያው ያለው በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ነው። ከእናትም ከአባትም ይወረሳል።»

እቴቴ የብርጭቆውን ትሪ ወለሉ ላይ አስቀምጣ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ሰው ሁሉ እስኪወጣ አልተነሣችም።

«የኔ ልጅ፣ ያ አጣጣፊው... ከአባትም ነው ያልሽው?»

«አዎ እቴቴ። ልጁ የሚታመመው ከሁለቱም የተበላሸውን ሲወርስ ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ምንም አይሆንም፤ ሳያውቀው ዕድሜውን ይኖራል።»

«ጉበት ይነካል? ሕፃን ላይ?»

ወጣቷ ወረቀቷን መሰብሰብ ተወች። «ማን ነው የታመመው እቴቴ?»

«አሁን ማንም አልታመመም» አለች።

ሆስፒታሉ ከልጁ ጉበት የተወሰደውን ናሙና በማቀዝቀዣ አቆይቶት ነበር። ወጣቷ ደብዳቤ ጽፋ፣ ፈቃድ አግኝታ አስመጣችው። የእቴቴም ደም ተወሰደ። የቀረው የአባትየው ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዳልረገጠችው የእንጨት ሥራ ቤት ሄደች። አናጺው አቧራ ለብሶ በር እየላገ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። ሲያያት መላጊያውን አስቀመጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ደምህን ፈልጌ ነው።»

«ድሮ መጥጠሽ ጨርሰሽው የለ እንዴ!»

ሁለቱም ሳቁ። ቀድማ ማልቀስ የጀመረችው እሷ ናት።

ውጤቱ ሲደርስ ወጣቷ ጠባቧ ቢሮዋ ውስጥ ሁለቱንም አስቀመጠቻቸው። የተበላሸው መመሪያ አንዱ ከእሱ፣ አንዱ ከእሷ ነበር። በእኩል።

«ሦስቱ ልጆቼስ?» አለ አናጺው፣ ደንግጦ።

«እናታቸውም የተበላሸ መመሪያ ከሌላት አያሰጋቸውም። ደግሞ እስካሁን ደህና ናቸው።»

ጣቶቹን እያፍተለተለ፣ «እንግዲያ እሷም ሌላ ሰው ብታገባ ኖሮ...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

«እቴቴም እንደ ማንም ሰው ጤነኛ ልጆች ይወልዱ ነበር» አለች ወጣቷ፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ። «ከእርስዎ ጋር ቢቀጥሉም፣ በየእርግዝናው ልጁ ደህና የመሆኑ ዕድል ከአራት ሦስት ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ አናጺው ግድግዳውን ተደገፈ። «ለምን አባረርሽኝ?»

«እንድትወልድ ብዬ።»

«እናቴ እስክትሞት ድረስ ስምሽን በክፉ ነበር የምታነሣው። እኔም አፌን አልከፈትኩም። አልተከራከርኩልሽም።»

«አፈሩ ይቅለላቸው። እሳቸውስ የሰሙትን አይደል የተናገሩት?» አለች። ቀጥላም፣ «ሂድ በል፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል» አለችው። እጇን ይዞ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ ደረጃውን ወረደ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ከወራት በኋላ ወጣቷ ለመጽሔት የምትልከውን ጽሑፍ ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። እንዲታተም ፈቅደው ፈርሙልኝ ከማለቷ በፊት ስለ ልጆቹ የሚለውን አነበበችላት። «ሕፃን አንድ፤ ሴት፤ በሰባተኛው ሳምንት በጉበት ድካም ሞት። ሕፃን ሁለት፤ ወንድ...»

«ፈገግ ማለት ጀምራ ነበር» አለች እቴቴ። «በስድስተኛው ሳምንት። አባቷን ስታይ። እሱ አይጻፍም?»

ወጣቷ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። «እዚህ ላይ አይጻፍም እቴቴ።»

«እሺ።» እጇን አድርቃ ፈረመች። «ያንን ሐኪም ግን ፈልጊልኝ። ለሌላ እናት እንደዚያ እንዳይል።»

ተፈልጎ ተገኘ። ጡረታ ወጥቷል። ወጣቷ በስልክ ሁሉንም ነገረችው፤ ብዙ አሰበ፣ ይቅርታም ጠየቀ። ልጆቹን ግን አላስታወሳቸውም። እቴቴ ይህን ስትሰማ ብልቃጥ እያለቀለቀች ነበር።

«ስንቱን ያስታውስ» አለች። ውሃውን ዘጋች፤ ሽርጧን ፈታች። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠበችውን ሳትደረድር ወጥታ ወደ ቤቷ ሄደች።